ከደወሌ ስትደውል

ረምዚ ከታይዋን ገበያ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣው፤
ጥቁር ሳጥን፣ ሆዱ ውስጥ ካሴት፣ ግንባሩ ላይ ቀይ መብራት ያለው።
«እማ አስካለ፣ ቤት ባትኖሪ ይኸ ስልኩን ያነሳልሻል።
ግን ቴሌ የድምፅ ሳጥን ሰጥቶሽ የለም? ሁለት ምን ያደርግልሻል?»

ልጄ፣ የቴሌው ሩቅ ነው፤ ያንተው ደግሞ መብራት ይፈልጋል፤
የድሬ መብራት መሄዱን እንጂ መምጣቱን ማን ያውቃል?
ሃያ ስድስት ዓመት ለገሃሬ ማዞሪያ ላይ የተቀመጠ ሰው
ጥሪን በሁለት ገመድ ካልያዘ እንቅልፍ አይወስደው።

መጀመሪያ ተሻሙ።
ቴሌ በሦስተኛው ጩኸት ላፍ ያደርገዋል፤
የኔው ማሽን ጉሮሮውን ሲጠርግ ይውላል።
ቴሌ ቢሮ ተሰለፍኩ። «ስንት ጊዜ ይጩህ፣ እናቴ?»
ቆጥሬዋለሁ፤ ከኒሙ ሥር እስከ ሳሎን አምስት ጩኸት ይፈጃል ጉልበቴ።
ስለዚህ እስከ አምስት ለኔ። በስድስተኛው ማሽኑ ያንሳ።
መብራት ሄዶ እሱ ከሞተ፣ በዘጠነኛው ቴሌ ይነሳ።

ድምፅ መቅዳቱ ግን አስቸገረኝ፤
አንዴ የጎረቤት ዶሮ ጮኸ፣ አንዴ ሳል ያዘኝ።
«አስካለ ነኝ፣ የለሁም» ስል ደግሞ አፌ እሺ አላለም፤
የለሁም ብሎ የሚናገር ሰው አይቼ አላውቅም።
በአምስተኛው ሙከራ ምላሴ የለመደውን አወጣው፦
«ድሬዳዋ! ማንን ላገናኝ?»
ረምዚ ሳቀ። እንዳታጠፋው አልኩት። ተውነው።

የደወለ ሁሉ ከማሽኑ ጋር ተጣላ።
ጋሽ ዘለላም፣ የዴፖው፣ «ምን አደረግኩሽ? መልሺ እንጂ!» ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት።
የእድራችን ጸሐፊ ግን ከሰላምታው አላጎደለም።
«እንዴት ከረምሽ?» ይላል፤ ይጠብቃል።
«ጉልበትሽስ?» ይላል፤ ይጠብቃል።
«ሙቀቱን እንዴት ቻልሽው?»
ዝምታውን ሁሉ ካሴቱ ቀድቶ ይዞታል።
ማታ አልጋዬን ግቢ አውጥቼ ሳዳምጠው፣
በየክፍተቱ «ይመስገን፣ ይመስገን» እያልኩ ሞላሁለት።

ለረምዚ ያልነገርኩት አለ። ደወሌ ጣቢያ አንዲት ሴት ነበረች፤
ዳሃቦ፣ ስሟ ወርቅ ማለት፣ አማርኛን ከሽቦ ላይ የለቀመች።
የሌሊቱ ጭነት አይሻን ለቆ ሽንሌ እስኪደርስ
የሷ ሳል፣ የሷ ሳቅ፣ ከኋላዋ የበረሃው ነፋስ
በግራ ጆሮዬ ይገባ ነበር።
«ደወሌ ደወለች!» ስላት ከት ብላ ትስቅ፣
መስመሩ ሲንሾካሾክ «አትቁረጭኝ» ትለኝ፤
አስራ ዘጠኝ ዓመት፣ ፊት ለፊት ሳንተዋወቅ።

ከዚያ ሐዲዱ ዝም አለ። ማዞሪያውን ነቅለው ለቁራሌው ሸጡት።
ከዛሬ ሁለት ዓመት በፊት የሲጋራ ወረቀት ቀድጄ
ለአንድ የደወሌ ሾፌር ቁጥሬን ሰጠሁት፣ አሸዋ ድረስ ሄጄ።

አርብ ከለቅሶ ስመለስ ቤቱ ጨለማ። ቬንትሌተሩ ቆሟል።
ከምሽቱ ሦስት ሰዓት መብራት መጣ፤ ቀዩ ብልጭ ድርግም ይላል።

«አሎ፣ ድሬ? ...አለሽ እንዴ! ድምፅሽ አላረጀም።
እኔማ አርጅቻለሁ። ስሚ አስካለ፣ ልጄ እናንተ ጋ
ሆስፒታል ቀጠሮ ይዞልኛል፣ ለዓይኔ።
በአውቶቡስ ነው፣ የምመጣው...»

እዚህ ላይ መብራት ሄዷል።

ወደ ቴሌ ደወልኩ። ምስጢር ቁጥሬን ሁለቴ ተሳሳትኩ።
ሴትየዋ «አንድ አዲስ መልእክት አለዎት» አለችኝ፤
ቀጥሎ ዳሃቦ፣ የሚሰማት መለወጡን ሳታውቅ፣ ወይም ሳይገዳት፦
«...ሐሙስ ነው። አትቁረጭኝ ብዬሽ አልነበር?»

ግማሿ ካሴት ላይ፣ ግማሿ ቴሌ ዘንድ።
ደግሜ ከፈትኳቸው፣ አንዱን ከሌላው አስከትዬ ሰካሁ።
ድሮም እንጀራዬ ይኸው ነበር።

ሐሙስ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ መነኸሪያ እሄዳለሁ።
መልኳን አላውቀው። እሷም፣ ዓይኗ እንዲያ ከሆነ፣ አታየኝም።
ከደወሌ አውቶቡስ የምትወርድ ሴት ደግሞ ብዙ ናት፤
ኮንትሮባንድ የታቀፈች፣ ልጅ ያዘለች፣ ፍየል የምትጎትት።
እኔ በሩ ሥር ቆሜ፣ ለወረደች ሁሉ፣
«አሎ፣ ደወሌ?» እላለሁ።